የሰሜኗ ወፍ

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ማስመሪያ ይለው ነበር። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የመዝገብ ቤቱ ዶሴ ብቻ ናቸው እየተባለም ይቀለድበታል። ቀጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲቀመጥ እንኳ ወገቡ አይጎብጥም። ሲናገርም ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። ሥራው ደግሞ መስመር ማስመር ነው። በከተማው የውኃ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን በሚያይ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመሬት በታች የተቀበሩትን ቧንቧዎች ካርታ ሲስል ኖረ።

ከመሬት በታች ያለ ነገር ለማንም አይታይም። ቀያሾቹ ወርደው ይለኩና ቁጥሩን በጠባብ ደብተር ጽፈው ያመጡለታል፤ እሱ ቁጥሩን መስመር ያደርገዋል፤ ቆፋሪዎቹ መስመሩን ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ በዚያ ከተማ ውኃ ጠጥቶ ያደረ ሁሉ ሳያውቀው የማስመሪያን እጅ ቀምሷል ማለት ይቻላል።

አንድ ልጅ አለችው፤ ነጥቤ ይላታል። «መስመር ሁሉ ከነጥብ ነው የሚጀምረው» ብሎ ነው ያወጣላት። ልጅቷ በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአባቷ መሥሪያ ቤት በኩል ታልፍና እናቷ ከገበያ እስክትመለስ ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ትላለች። ጠረጴዛው ዘመም ያለ ነው። ስስ ወረቀት በአራቱም ማዕዘን ተለጥፎበታል። ብዕሮቹ ከቀጭን እስከ ወፍራም እንደ ተማሪ ሰልፍ ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው ግማሽ ምላጭ። ቀለም ሲስት በምላጩ ቀስ አድርጎ ፍቆ ያነሳዋል። ወረቀቱ ግን ቁስሉን አይረሳም፤ ወደ ብርሃን ያነሱት እንደሆነ የተፋቀው ቦታ ይታያል።

ሁለት ልማዶች ነበሩት። አንደኛው፣ ብዕሩን ወረቀት ላይ አሳርፎ አያስብም። ማሰብ ሲፈልግ ያነሳዋል። «ብዕር ወረቀት ላይ ከተኛ ይደፋል፤ አንሥቶ ማሰብ ነው» ይላል። ሁለተኛው፣ ቦታን ሲናገር ሁልጊዜ ወደ ላይ ያለውን ያስቀድማል። የቀያሾቹ ደብተር እንደዚያ ነው የሚጻፈው፤ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ስንት፣ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ስንት። እሱም ነገሩን ቤት ድረስ ይዞት መጣ። ሚስቱ ከምድጃው ዘወር ሳትል «ጨው የት ነው ያደረግከው?» ስትለው፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ የግድግዳውን መደርደሪያ አየት አድርጎ «ሦስት ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ቀኝ» ይላታል።

«እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ኮምፓስ?» ትለዋለች።

«ኮምፓስ ባልሆን ኖሮ ትጠፊብኝ ነበር።»

ከሁለቱ ልማዶች ሌላ ደግሞ ወፏ ነበረች። በየካርታው ቀኝ ማዕዘን ላይ ሰሜን ወዴት እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ይደረጋል። ሌሎች ንድፍ ሠሪዎች ቀስት ይስላሉ። ማስመሪያ ግን አንገቷ የረዘመ፣ ምንቃሯን ወደ ላይ ያነሳች፣ ሆዷ ጎበጥ ያለ፣ ጅራቷ የተንጨባረረ ወፍ ይስል ነበር። የሚያምር ስዕል አልነበረም። ልጅቷ ወፏን የምታውቃት የቤታቸውን ግድግዳ ስንጥቅ በምታውቅበት ዓይነት ነው፤ ሁልጊዜ ስለምታያት አስባባት አታውቅም።

* * *

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች። በመጨረሻው ዓመት ለመመረቂያዋ አንድ ፕሮግራም ጻፈች። ቀላል ነበር፤ እንዲያውም መምህሯ አይቶ «ይኸው ብቻ ነው?» ብሏታል። ፕሮግራሙ ከቁጥር በቀር ምንም የሌለበት ፋይል ያነባል። በፋይሉ በእያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ቁጥር አለ፤ ሁለቱ ቦታውን ይነግሩታል፣ ሦስተኛው ብዕሩን። ፕሮግራሙ ረድፉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያሰምራል። በቃ፣ ያ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አባቷን ከምሳ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጣ አሳየችው።

«ብዕሩ የታል?» አለ መነጽሩን እያስተካከለ።

«ብዕር የለውም አባዬ። ሦስተኛው ቁጥር ነው ብዕሩ። አንድ ሲሆን ያሰምራል፣ ዜሮ ሲሆን ያነሳና ወደሚቀጥለው ይሄዳል።»

«ያነሳል?» አለና ቀና ብሎ አያት። «ማንሳት አስተማርሽው?»

«ካንተ የሰረቅኩት ነው።»

ደስ አለው። ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። ከዚያ እሷ ከመሥሪያ ቤቱ የወሰደችውን የአንድ ሰፈር ቁጥር አስገባች፤ እሱ ዘጠኝ ቀን ያደረበትን ካርታ። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ እንደ ዝናብ ወረዱ፤ አራት ቆጠራ አልሞላም። 

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ አባቷ።

ደገመችለት። ጎንበስ ብሎ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አየ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሊያሳርፍ ሲል አነሳው።

«ወፏስ?»

«የቷ ወፍ?»

«የሰሜኗ።»

«እ... እሷን በቁጥር ለመጻፍ ብዙ ረድፍ ይፈልጋል፤ ጠመዝማዛ ናት። ቀስት አድርጌበታለሁ፣ ይኸውልህ። ቀስት ይበቃል አባዬ።»

«ቀስት ይበቃል» አለ።

ፕሮግራሙን ወደ መሥሪያ ቤቱ የወሰደው ራሱ ነው። ፍላሹን በሸሚዙ ኪስ አድርጎ ሄዶ ለኃላፊው «ልጄ ናት የሠራችው» አለው። ፎቁን ወጥቶ እስኪወርድ ለሁሉም እንዲያው «ልጄ ናት የሠራችው» ሲል ዋለ። ጊዜ ሰውን ሲወስድ እንደ ውኃ እያሳሳቀ ነው። በመንፈቁ ዘመም ያለው ጠረጴዛ ከክፍሉ ወጣ፤ ማስመሪያም ጡረታው ሁለት ዓመት ተኩል ሲቀረው እንዲያርፍ ተነገረው። በሽኝቱ ዕለት የግድግዳ ሰዓት ሰጡት። «ጊዜው ከሄደ በኋላ ሰዓቱ መጣ» ብሎ አሳቃቸው።

ፊቱን አላጠቆረባትም። ልጅቷን የጎዳትም ይኸው ነው፤ ቢቆጣት ይቀላት ነበር። ቤት ስትመጣ ብዕሮቹ ታጥበው፣ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠው አየች። ስለ ሥራዋ ይጠይቃታል፣ ይስቃል፣ ሰሐኗ ላይ ይጨምርላታል። እሷ ግን ብዕር ያነሳ የነበረውን እጁን ባየች ቁጥር ዓይኗን ወደ ሰሐኗ ትመልሳለች። ዓይናፋር ናት፤ ይቅርታ የሚባል ነገር በአፏ ዞሮ አያውቅም። በመጨረሻ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሥራ ሲገኝላት እዚያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች። ለሰው «መንገዱ ሩቅ ስለሆነብኝ ነው» ትላለች። መንገዱ ሩቅ ነበር፤ ውሸት አይደለም።

* * *

በዓመቱ አንድ ቀን አባቷ ደወለላት።

«ነጥቤ፣ ያ ፕሮግራምሽ ስንት ረድፍ ይችላል?»

«የፈለግከውን ያህል። ምነው?»

«ሦስት መቶ ብንጨምርበት አይታመምም?»

«ሦስት መቶ ሺህም ቢሆን አያስነጥሰውም።»

«እንግዲያው እሑድ ነይ። አንድ የማሳይሽ ነገር አለ፤ አብረን እናስገባዋለን።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ስትመጪ።»

ስልኩን ዘጋችና አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ስህተት ለቅሞ ነው፣ አለች በሆዷ። የፕሮግራሟን እንከን ቆጥሮ፣ በደብተር ጽፎ፣ ሊያሳያት ነው። ከዚያ ነገር ነገርን ያነሳና ስለዚያ ጠረጴዛ ማውራታቸው አይቀርም። እሑድ ሥራ አለብኝ አለችው። በሁለተኛው እሑድ ጉንፋን ይዞኛል አለችው፤ ጉንፋን አልያዛትም፤ ቀኑን ሙሉ የታጠበ ልብስ ስታጥፍና ስትዘረጋ ዋለች። ሐሙስ ዕለት ግን ራሷን ተቆጥታ ደወለች።

«በዚህ እሑድ ያለ ጥርጥር እመጣለሁ።»

«ያለ ጥርጥር?» አለና ሳቀ። «እሺ። ወንበር አቀርብልሻለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሻዩን ይዞ ፀሐይ ለመሞቅ ወደ በረንዳው ወጣ። ሚስቱ ሁለት ጊዜ ጠራችው። ሦስተኛውን ልትጠራው ስትወጣ ሻዩ አልተነካም፤ እሱም ወገቡ ቀጥ እንዳለ ነበር። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

እሑድ ልጅቷ ያለ ጥርጥር መጣች። በጓዳው ጠረጴዛ አጠገብ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ቀርቦ ነበር። ለቀስተኛ በዝቶ መቀመጫ ሲጠፋ አንዱ ጎረቤት ከሁለቱ አንዱን አንሥቶ ወደ ውጭ ወሰደው። እሷም ቆማ አየችው።

* * *

ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ቤቱ ጭር ባለ በሁለተኛው ሳምንት እናቷ አንድ ባለካሬ ደብተር አመጣችላት።

«እንኪ፣ ይኸው የእናንተ ጉድ።»

«ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ጠዋት ጠዋት አንድ አሮጌ ካርታ ላይ ስስ ወረቀት አንጥፎ ካሬ ይቆጥር ነበር። ዓይንህ ይጠፋል ስለው የእኔና የነጥቤ ምስጢር ነው ይለኛል። እኔ እንኳን ምስጢራችሁን፣ የመነጽሩን ቦታም አላውቅ።»

«ካርታውስ?»

«መለሰው መሰለኝ። ከመሥሪያ ቤት የተዋሰው ነበር።»

ልጅቷ ደብተሩን ገለጠችው። የእንከን ዝርዝር አልነበረም። አንድም ፊደል የለበትም። በእርሳስ የተጻፈ ሦስት አምድ ቁጥር ከገጽ ገጽ ይወርዳል። ሦስተኛው አምድ አንድና ዜሮ ብቻ ነው። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ረድፍ። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው አባቷ ለፕሮግራሟ ፋይል ጽፎላታል፤ በእጁ።

ሊያሳየኝ የፈለገው እዚህ ውስጥ ነው፣ አለች። ምን እንደሆነ ሳታውቅ መኖር እንደማትችልም አወቀች።

ኮምፒውተሯን በጓዳው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ እሱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከተበች። ከሰዓቱን ወሰደባት። ከዚያ ፕሮግራሙን አስነሳችው። ስክሪኑ ላይ የወጣው አንድ የተንጋደደ ነገር ነው፤ ውኃ ጠፍቶበት ደረቅ ላይ የተጣለ ዓሣ ይመስላል። ደግማ አየችው። አባቷና ዓሣ ምን አገናኛቸው?

ቁጥር ተሳስቼ ነው ብላ እናቷን ጠራቻት። እናቷ መነጽሯን አድርጋ ደብተሩን እያነበበች፣ እሷ ስክሪኑን እያየች ማመሳከር ጀመሩ።

«አርባ ሁለት። አሥራ ሰባት። አንድ» ትላለች እናቷ። «አርባ ሦስት። አሥራ ሰባት። አንድ። ይቺን ሰባት እያት እስቲ፣ ኮቷን ለብሳ ቤተ ዘመድ የምትሄድ አትመስልም?»

«እማዬ፣ ቀጥዪ።»

«ቀጠልኩ። ሰው ቁጥር ሲጽፍ ይህን ያህል ይኳላል? ለእኔ በእጮኝነታችን የጻፈልኝ ደብዳቤ እንኳ እንዲህ አላማረም።» መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አደረገችው። «አርባ አራት። አሥራ ስምንት። አንድ።»

አንድም ስህተት አልተገኘም። ልጅቷን ያጠራጠራት መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ረድፎች ብቻ ናቸው፤ መስመሩ እዚያ ሲደርስ ያለ ምክንያት ወደ ውጭ ይፈተለክና ይንቀጠቀጣል። ደብተሩም ላይ እንደዚያው ነው የተጻፈው። እጁ ደክሞት ይሆናል፣ ዓይኑ ስቶት ይሆናል፣ ብላ አዘነች። አራቱን ረድፍ ከፋይሉ ሰረዘቻቸው። ዓሣው ግን ያው ዓሣ ነው።

በማግስቱ ምሳ እየሠሩ ሳለ ልጅቷ «እማዬ፣ ጨው የት ነው?» አለች።

«ሦስት ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ቀኝ» አለች እናቷ ሽንኩርቱን እየከተፈች። ወዲያው ቢላዋውን አስቀምጣ አፏን በእጇ ያዘች።

ልጅቷ እጇን ወደ መደርደሪያው እንደዘረጋች ቀረች። ሦስት ወደ ላይ። መጀመሪያ ወደ ላይ። ፕሮግራሟ የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው፤ የትም ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የሚያስተምረው። አባቷ ግን በዕድሜው ሙሉ አንድም ቀን ወደ ቀኝ ያለውን አስቀድሞ አያውቅም። እሷ የትኛው እንደሚቀድም አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃት። ለሁለቱም ነገሩ ግልጽ ነበር።

ጨዉን ትታ ሄደች። አንደኛውንና ሁለተኛውን አምድ አቀያየረቻቸው፤ አንዲት ቃል የመለወጥ ያህል ሥራ ነው። ፕሮግራሙ መሳል ጀመረ። ዓሣው ተነሥቶ ቆመ። አንገቱ ወደ ላይ ረዘመ፤ ምንቃር አወጣ።

ወፏ ነበረች።

እናቷ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከኋላዋ መጣች።

«ለዚች ነው እንዴ ዓይኑን ሲያፈስ የከረመው?» አለች፤ ወደ ስክሪኑ ቀርባም፣ «ማን እንደሳላት ታውቂያለሽ?»

«አባዬ ነዋ።»

«አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ዘወር አለች።

«ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆንሽ ነው። እኔን አሞኝ ተኝቼ መሥሪያ ቤት ይዞሽ ሄደ። አንድ ትልቅ ካርታ አሥራ አንድ ቀን ደክሞበት ጨርሷል፤ በማግስቱ ይፈለጋል። ከቀያሹ ጋር ለማውራት ዘወር ቢል፣ አንቺዬ ወንበሩ ላይ ወጥተሽ፣ ያንን ወፍራሙን ብዕር አንሥተሽ፣ ማዕዘኑን ታበለሻሽልኛለሽ። ክርንሽን ሲይዝሽ ብዕሩ ሸርተት ብሎ ጭራሽ ባሰበት።»

«መታኝ?»

«እሱ? በምላጭ መፋቅ ጀመርኩ አለኝ። ግን ቀና ስል አንሥታ እያሰበች ነው አለኝ። ብዕሩን አንሥታ፣ አየር ላይ ይዛ፣ ሥራዋን ታያለች አለኝ። ሳቀ፣ አለቀሰ፣ እኔ እንጃ። ከዚያ ምላጩን ተወና አንገትና ምንቃር ቀጠለላት። ኃላፊው ይኸ ምንድን ነው ሲለው፣ ሰሜን ነው አለው። ከዚያ ወዲህ ያንን የአንቺን ጭረት ሳይጨምር ሳይቀንስ በየካርታው ሲስለው ኖረ። ስትመረቂ ሃያ ዓመት አልፎት አልነበር?»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ምን ብሎ ይንገርሽ? ግልጽ የመሰለውን ነገር አባትሽ ተናግሮ ያውቃል?»

ቀስት ይበቃል አባዬ። የራሷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። እሱም ቃሏን እንዳለ ነበር የመለሰላት፤ ቀስት ይበቃል። ሃያ ዓመት ይዞ የኖራትን ትንሿን ልጁን ከየካርታው ማዕዘን ያነሳችበት ያቺው ልጁ ናት። ኮምፒውተሩን ሳትዘጋ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። እናቷ እጇን ጀርባዋ ላይ አኖረች፤ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

* * *

በሳምንቱ ልጅቷ ፋይሉን በፍላሽ ይዛ ወደ ውኃ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። ልትናገር ያሰበችውን መንገድ ላይ ስታጠና ነበር። ዘግይቻለሁ፣ ግን ወፏን ወደ ፕሮግራሙ አስገቡልኝ፤ ከእንግዲህ በምታወጡት ካርታ ሁሉ ላይ ትሁን። ሌላ ምንም አልለምናችሁም።

ዘመም ያለው ጠረጴዛ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ኮምፒውተር ተቀምጧል። አንድ ወጣት ባለሙያ ከጆሮው ማዳመጫውን አውርዶ በትሕትና አዳመጣት።

«ይቅርታ እህቴ፣ ያንን ፕሮግራም እኮ ትተነዋል» አለ። «ጥሩ ነበር፣ በጣም ቀላል ሆነብን እንጂ። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዝግጁ የሆነ ሌላ ተገዝቶልናል።»

«ዓመት?»

«ሊሞላው ነው። የሰሜን ምልክት ከሆነ የፈለጉት፣ ይኸው ይዩ፣ አርባ ዓይነት አለው።» ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። ክፋት አልነበረበትም። አርባ ቀስት በተርታ ቆመዋል፤ ባለክብ፣ ባለኮከብ፣ ባለሰይፍ። ልጅቷ አመስግናው ወጣች።

ደረጃው ላይ የቆፋሪዎቹ አለቃ አገኛት። ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ሽማግሌ ነው።

«አንቺ የማስመሪያ ልጅ አይደለሽም? አረማመድሽ መሰከረ። ነይ፣ ነይ ልጄ፤ አባትሽን ላሳይሽ።»

ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን ወሰዳት። አሮጌዎቹ ካርታዎች ተጠቅልለው እስከ ጣሪያው ተከምረዋል። አለቃው አንዱን ጎትቶ ዘረጋ።

«እኛ ይኸን ስንይዝ መጀመሪያ የምንፈልገው ወፏን ነበር» አለ። «ወፏ ወደ ላይ ካየች ካርታው ቀና ነው። አሁን በዚህ በቀስቱ ጊዜ አንዱ ገልብጦ ይዞ የሰው አጥር ሥር ሲቆፍር ዋለ። ቀስት ምን ፊት አለው?»

«አባዬ ካርታ የተዋሰው ከእርስዎ ነበር?»

«ከእኔ ነው። ይኸኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን። በሁለት ሳምንቱ እንደ ሕፃን ልብስ አጣጥፎ መለሰልኝ።» ቦት ጫማውን አየ። «ያን ጊዜ ነግሬው ነበር። የልጅህን ፕሮግራም ትተውታል፣ ምን ትደክማለህ አልኩት።»

«ያውቅ ነበር?»

«ያውቃል። አደራህን እንዳትነግራት፣ ይከፋታል አለኝ። ታዲያ ለማን ብለህ ነው ካሬ የምትቆጥረው ስለው፣ ትመጣለች፤ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እንስላታለን አለኝ። ያ ብቻ ነው ያለኝ።»

ልጅቷ ካርታውን ወደ አምፖሉ ከፍ አደረገችው። በቀኙ ማዕዘን ወፏ አለች፤ በሆዷ ሥር ምላጭ የጀመረውና የተወው ጠባሳ በብርሃኑ ይታያል። ከጅራቷ ጫፍ ደግሞ አንዲት መስመር ያለ ምክንያት ወደ ውጭ ተፈትልካ ተንቀጥቅጣ ትቆማለች። ክርኗን የያዘበት ቦታ ነው። ሌላ ካርታ ጎተተች፣ ሌላም። በሁሉም ላይ አለች፤ በጥንቃቄ፣ በቀጥተኛው እጁ፣ እየተንቀጠቀጠች የተሳለች።

እሷ የሰረዘቻቸው አራት ረድፎች ናቸው።

ቤት ስትደርስ እናቷ በረንዳው ላይ ስንዴ ትለቅም ነበር። ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ ከዚያ ወጥታ ያን እሑድ የተወሰደውን ወንበር ከጎረቤቱ አስመለሰችና ከወንበሯ ጎን አቀረበችው።

«እማዬ፣ ነይ ቁጭ በይ። የመጨረሻውን አንብቢልኝ።»

እናቷ መነጽሯን ፈልጋ አድርጋ ደብተሩን ወደ መጨረሻው ገለጠችው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ሦስት። ሃያ ስድስት። አንድ።»

ልጅቷ ጻፈች።

«ሁለት። ሃያ ዘጠኝ። አንድ።»

ጻፈች።

«አራት። ሠላሳ። አንድ።» እናቷ ቆም አለች። «ይቺ የመጨረሻዋ ናት። አራት። ሠላሳ። ዜሮ።»

ልጅቷ ጣቷን ከዜሮው አንሥታ አየር ላይ ያዘችው። ብዙ ቆየች።